የጉበት ደም ፍሰት በድምፅ ሞገድ ሲለካ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር




ከሰሜን ደጋ፣ ከደባርቅና ከዳባት ወደ ጎንደር የሚወርደው መንገድ ከተማው ከመድረሱ ጥቂት ኪሎሜትሮች አስቀድሞ በወለቃ ያልፋል። ወለቃ በሸክላዋ የታወቀች መንደር ናት። የቤተ እስራኤል ወገን የሆኑት ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና በዚያው ዘመን ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሥራው አልቀረም፤ ዛሬም ጀበናውና ምስሉ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል። በዚሁ መንገድ ከሚወርደው ገበያተኛ መካከል ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ የመሰለ ወይም ሌሊቱን ደም ሲያስታውክ ያደረ በሽተኛ አይታጣም። አገሬው «የወፍ በሽታ ነው» እያለ በቅጠልና በጠበል ሲረዳው ቆይቶ፣ ሲብስበት ወደ ጎንደር ሆስፒታል ያመጣዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለው በሽተኛ በአልትራሳውንድ ክፍል አልጋ ላይ በተጋደመ ጊዜ፣ መሣሪያው ስለ ጉበቱ ሊናገር የሚችለውንና ሊናገር የማይችለውን ለይቶ ማሳየት ነው።

ጉዳዩ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመሣሪያው መስታወት ላይ የሚታየው ቁጥር ከበሽተኛው ሰውነት በቀጥታ የተቀዳ አይደለም። በሞገድ ድግግሞሽ፣ በማዕዘን፣ በማጣሪያና በሒሳብ አልፎ የመጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲዛባ ቁጥሩም ይዛባል፤ የተዛባው ቁጥር ግን ከትክክለኛው ያልተለየ ግርማ አለው፤ እንደዚያው በደማቅ ፊደል ይጻፋል፣ እንደዚያው እስከ ነጥብ ቤት ይነበባል። ሐኪሙ የሚያምነው ይህንን ቁጥር ነው።

ጉበት ደሙን ከሁለት ምንጭ ይቀበላል። ከልብ የሚመጣው የጉበት ደም ቅዳ ሩብ ያህሉን ያቀርባል። የቀረውን ሦስት አራተኛ ያህል የሚያመጣው ከአንጀት፣ ከጨጓራ፣ ከቆሽትና ከጣፊያ ተሰብስቦ በጉበት በር በኩል የሚገባው ትልቅ ደም መልስ ነው። ሐኪሞች በላቲን ቃል ፖርታል ይሉታል፤ ትርጉሙ ከበር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ የበር ሥር እየተባለ ይጠራል። ደሙ በጉበት ሕዋሳት መካከል እንደ ወንፊት ባሉ ጠባብ መንገዶች አልፎ፣ በሦስት የጉበት ደም መልሶች ተሰብስቦ ወደ ልብ ይመለሳል። ጤናማ ጉበት ለዚህ ሁሉ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ እጅግ ትንሽ ነው። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው።

በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ፣ በአረቄ ብዛት ወይም በሌላ ምክንያት ለዓመታት ሲቆስልና ሲድን የኖረ ጉበት ግን በጠባሳ ይተበተባል፣ ይጠጥራል፣ ገጹም ጉብ ጉብ ይላል። ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። ወንፊቱ ስለሚደፈን የግፊቱ ልዩነት ያድጋል፤ 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ብዙ ጣጣ ይከተላል፤ 12 ሲያልፍ ደግሞ በጉሮሮና በጨጓራ መጋጠሚያ ያበጡት ሥሮች ሊፈነዱ ይችላሉ። ለጎንደር ሰው ነገሩን ለማስረዳት የአንገረብን ግድብ መጥቀስ ይበቃል። ወንዝ ሲገደብ ከግድቡ በላይ ያለው ውኃ ይሰፋል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከፍ እያለ ሲሄድም ጎኑን እየቦረቦረ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። የበር ሥርም እንደዚሁ ነው። ይሰፋል፣ ይዘገያል፣ ከዚያም ደሙ በጣፊያ፣ በጨጓራና በእምብርት አካባቢ ባሉ ትናንሽ ሥሮች እየሾለከ ወደ ልብ የሚደርስበትን አቋራጭ ያበጃል። ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ አቋራጭ ነው።

ግፊቱን በቀጥታ መለካት ይቻላል። በአንገት ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በራጅ እየተመሩ እስከ ጉበት ደም መልስ ማድረስን ይጠይቃል። ይህ ግን ከጥቂት ታላላቅ ማዕከሎች በስተቀር በየሆስፒታሉ የሚሠራ አይደለም። ጉበትን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድም ደሙ በደንብ ለማይረጋ ሰው አስጊ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ለሐኪሙ የሚቀርበው መስኮት አልትራሳውንድ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የደምን ፍጥነት የሚለካው፣ ዶፕለር በመባል የሚታወቀው ክፍል።

ክርስቲያን ዶፕለር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ሐሳቡን በፕራግ ከተማ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1842 ሲሆን፣ ይናገር የነበረውም ስለ ከዋክብት ብርሃን ቀለም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ባይስ ባሎት የተባለ የሆላንድ ሊቅ ጥሩምባ ነፊዎችን በባቡር ላይ አሳፍሮ፣ ሐሳቡ በድምፅ ላይ እውነት መሆኑን በጆሮ አስመሰከረ። በወለቃ መንገድ ዳር የቆመ ሰውም ይህንኑ ያለ ባቡር ሊሰማ ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚበር የደባርቅ አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ከእውነተኛው በመቶ 5 ያህል ቀጥኖ ይሰማል፤ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ያንኑ ያህል ይወፍራል። ሾፌሩ ያው፣ ጡሩምባውም ያው ነው፤ የተለወጠው በምንጩና በሰሚው መካከል ያለው እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

በሰውነት ውስጥ ጡሩምባ ነፊው የደም ሕዋስ ነው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ፣ ለሆድ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ 3.5 ሜጋሄርዝ ያህል የሆነውን ይልካል፤ ከሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ድግግሞሹ በጥቂቱ ተለውጦ ይገኛል። የለውጡ መጠን በተላከው ድግግሞሽ፣ በደሙ ፍጥነት እጥፍና በማዕዘኑ ኮሳይን ተባዝቶ፣ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት፣ ማለት በሴኮንድ 1,540 ሜትር፣ የተካፈለው ነው። በሴኮንድ 20 ሳንቲሜትር የሚሄድ ደም በ60 ዲግሪ ማዕዘን ቢታይ ለውጡ 455 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። ከተላከው ድግግሞሽ ጋር ሲነጻጸር ከዐሥር ሺህ አንድ ተኩል የማይሞላ ነገር ነው። ሆኖም ይህች ትንሽ ልዩነት ለብቻዋ ስትወጣ በሰው ጆሮ ልክ ሆና ትገኛለች፤ ከመሣሪያው ድምፅ ማጉያ የሚሰማው እንደ ነፋስ ያለ ሹክሹክታም እርሷ ናት። የለመደ ባለሙያ መስታወቱን ሳያይ በጆሮው ብቻ የበር ሥርን ከደም ቅዳ ይለያል።

እንግዲህ ፍጥነቱ ከታወቀ ፍሰቱን ማስላት ቀላል ይመስላል፤ የሥሩን አግድም ስፋት በአማካይ ፍጥነቱ ማባዛት ነው። መሐንዲስ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ለሲሮሲስ ግን ይህ ስሌት ያሳስታል። አንድ ጤናማ ሰው የበር ሥሩ ዲያሜትር 10 ሚሊሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 15 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ፍሰቱ በደቂቃ 707 ሚሊሊትር ገደማ ይሆናል። አንድ በሽተኛ ደግሞ ሥሩ ወደ 12 ሚሊሜትር ሰፍቶ፣ ፍጥነቱ ወደ 12 ሳንቲሜትር ወርዷል እንበል። ፍሰቱ 814 ሚሊሊትር ነው። በፍሰት ብቻ ቢፈረድ በሽተኛው ከጤናማው የተሻለ ሆኖ ይገኛል! ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግፊት የፍሰትና የተቃውሞ ውጤት ነው፤ በሲሮሲስ ደግሞ ተቃውሞው ብቻ ሳይሆን፣ የአንጀት ሥሮች ስለሚላሉ ወደ በሩ የሚመጣውም ደም ይጨምራል። ፍሰቱን ብቻ የያዘ ሰው ከቀመሩ ሁለት እጆች አንዱን ይዞ ሌላውን ለቋል።

ይህን ችግር ሞሪያሱ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪምና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ በቀላል መላ ፈቱት። ስፋቱን በፍጥነቱ ከማባዛት ይልቅ ማካፈል። ስፋቱ ሲጨምርና ፍጥነቱ ሲቀንስ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉት፣ የመጨናነቅ መለኪያ ተብሎ የተሰየመው ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። ከላይ ላለው ጤናማ ሰው 0.052፣ ለበሽተኛው 0.094 ይሆናል። በጃፓኖቹ ጽሑፍ የጤናማዎቹ አማካይ 0.07፣ የሲሮሲስ በሽተኞች አማካይ 0.17 ገደማ ነበር። ማካፈል ከማባዛት የሚከብድ ነገር የለውም፤ ነገር ግን በውኃ ቧንቧ ሥራ የሠለጠነ አእምሮ በራሱ ወደዚህ አይመጣም ነበር፤ ከአልጋው አጠገብ የቆመ ሐኪም ያስፈልገው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ሊጨመር ይገባል። አንዳንዱ ጽሑፍ ፍጥነት ሲል በሥሩ መካከል ያለውን ከፍተኛውን፣ ሌላው ደግሞ አማካዩን ማለቱ ነው። ጃፓኖቹ ከፍተኛውን በ0.57 እያባዙ ነው አማካዩን ያገኙት። ከአንዱ መጽሐፍ የጤናማውን ልክ ወስዶ፣ ከመሣሪያው ሌላኛውን ዓይነት ፍጥነት አንብቦ ማነጻጸር ጤናማውን በሽተኛ፣ በሽተኛውን ጤናማ ያሰኛል።

ከስሕተቶች ሁሉ የሚከፋው የማዕዘኑ ነው። መሣሪያው ማዕዘኑን አያውቅም፤ የሚነግረው ባለሙያው ነው፣ በመስታወቱ ላይ ያለችውን ትንሽ መስመር በሥሩ አቅጣጫ በማስተኛት። ባለሙያው በ5 ዲግሪ ቢሳሳት ምን ይከተላል? ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ከሆነ ስሕተቱ በመቶ 5 ገደማ ነው፤ ማንም አይጎዳበትም። 60 ዲግሪ ከሆነ በመቶ 15 ያህል ይደርሳል። 80 ዲግሪ ከሆነ ግን ያችው 5 ዲግሪ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ታዛባዋለች። ስለዚህ ከ60 ዲግሪ በላይ መለካት ክልክል መሆን አለበት፤ የሚመከር ሳይሆን ክልክል። የበር ሥር ደግሞ በሆድ ውስጥ አግድም ስለሚተኛ፣ መዳሰሻውን ከፊት ለፊት የያዘ ሰው 90 ዲግሪ አጠገብ ራሱን ያገኛል። በቀኝ ጎን፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ገብቶ ማየት ጥረትና ጊዜ ይጠይቃል፤ በደጅ አርባ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ያንን ጊዜ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ዲያሜትሩም እንደዚሁ ነው። 12 ሚሊሜትር የሆነውን 13 ብሎ ያነበበ ሰው ስፋቱን በመቶ 17 ያሳድጋል፤ ከላይ የተባለው በሽተኛ ፍሰት ከ814 ወደ 956 ይዘላል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በመስታወቱ ላይ ከጠቋሚዋ መስቀል ውፍረት ብዙ የማይበልጥ ነገር ነው።

የማጣሪያው ጉዳይ ግን ከሁሉ ይልቅ ስውር ነው፤ ብዙ ጊዜም አይነሣም። የሥሩ ግድግዳ ከትንፋሽና ከልብ ምት ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ የርሱን ወፍራም ድምፅ ለማስወገድ በመሣሪያው ውስጥ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን የሚቆርጥ ማጣሪያ አለ። ለልብና ለአንገት ደም ቅዳ ይህ መልካም ነው። ጉበቱ እጅግ የተጎዳ ሰው ግን የበር ሥሩ ደም በሴኮንድ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ሊጓዝ ይችላል፤ በ60 ዲግሪ ሲታይ ለውጡ 114 ሄርዝ ገደማ ነው። ማጣሪያው 200 ሄርዝ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ይህ ደም ከነአካቴው አይታይም። ሥሩ ጨለማ ይሆናል፤ ባለሙያውም «የበር ሥሩ በረጋ ደም ተዘግቷል» ብሎ ይጽፋል። በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት በሽተኛው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ይህም የጉሮሮው ሥሮች አብጠው ለመፈንዳት ለተቃረቡ ሰው ነው። ከእርሱ በፊት የተመረመረው የልብ በሽተኛ ነበርና፣ ማጣሪያውን ወደ ቦታው የመለሰው አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ቢስተካከል እንኳ በሽተኛው ራሱ መስተካከል አለበት። ምግብ ወደ አንጀት የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር፣ በጤናማ ሰው የበር ሥር ፍሰት ከምግብ በኋላ በግማሽና ከዚያም በላይ ያድጋል። ስለዚህ መለኪያው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ከምግብ ተከልክሎ መሆን አለበት። ሕዝቡ አብዛኛው ጿሚ በሆነበት በጎንደር ይህ ከባድ ትእዛዝ አይደለም። በዐቢይ ጾም ወይም በረቡዕና በዓርብ ጠዋት የሚመጣ ምእመን ሳይነገረው ጾሞ ይመጣል፤ በረመዳን ወርም ሙስሊሙ እንዲሁ። ችግሩ በፍስክ ቀን ነው፤ ዘመድ አዝማድ በሽተኛውን ከአውቶቡስ አውርዶ «ሳትበላ አትግባ» ብሎ ፍርፍር ያቀርብለታል። አንዱ ጾሞ፣ ሌላው በልቶ የተለኩ ሁለት ሰዎችን ማነጻጸር አይቻልም፤ ያው ሰው አምና በሁዳዴ፣ ዘንድሮ በፋሲካ ማግሥት ቢለካ ደግሞ በመካከሉ በሽታው የተለወጠ ይመስላል።

ጉዞም አለ። የሚራመድ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ስለሚሄድ የሆዱ ፍሰት ይቀንሳል፤ የቆመም ሰው ከተጋደመው ያነሰ ፍሰት አለው። ከሰሜን ተራራ ሥር ተነሥቶ መኪና እስኪያገኝ ድረስ ሰዓታት በእግሩ የተጓዘ ገበሬ፣ ወይም መኪና አጥቶ ከወለቃ ዳገት ወርዶ የሚገባ ሰው፣ በር ላይ ስሙ እንደ ተጠራ ወዲያው ቢለካ ደሙ ዘገምተኛ ሆኖ ይገኛል። ዘገምተኛው ግን ጉበቱ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ማጋደም ይህን ያስወግዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ትርፍ አልጋ ነው፤ አንድ ትርፍ አልጋ ደግሞ በመሣሪያ ግዥ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አይታይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መድረስ ይቻላል። መለኪያው ሁሉ ትክክል ቢሆን፣ የሚናገረው ስለ ግፊት መንገድ እንጂ ስለ ሲሮሲስ አይደለም። በአውሮፓ መጻሕፍት ሁለቱ እንደ አንድ ቢቆጠሩ አያስደንቅም፤ በዚያ የበር ሥርን ግፊት ከሚያሳድጉት ምክንያቶች ትልቁ ሲሮሲስ ነውና። በጎንደር ግን ሌሎች ባለ ድርሻዎች አሉ።

የመጀመሪያው ቢልሃርዝያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በጣና ዳርቻ፣ በደምቢያና በጎርጎራ በኩል፣ እንዲሁም በቆላው በሳንጃ አካባቢ፣ የአንጀት ቢልሃርዝያ ከጥንት የታወቀ ነው። ትሎቹ በአንጀት ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ ዕንቁላላቸውም በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ባሉት የበር ሥር ቅርንጫፎች ይሰካል። በዙሪያውም ጠባሳ ይበቅላል። ጠባሳው ግን ቧንቧውን እንደ ልጥ ይከበዋል እንጂ የጉበቱን ሕዋስ አያጠፋም። ስለዚህ በሽተኛው ጣፊያው አብጦ፣ ደምም አስታውኮ ሳለ ጉበቱ ሥራውን በደንብ ሊሠራ ይችላል። መዘጋቱ ከወንፊቱ በፊት ስለሆነም፣ በአንገት በኩል በሚገባው ቱቦ ቢለካ እንኳ የግፊቱ ልዩነት ጤናማ ወይም ለጤናማው የቀረበ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ የሚረዳው ዶፕለር ሳይሆን ተራው የአልትራሳውንድ ምስል ነው፤ የቅርንጫፎቹ ግድግዳ ወፍሮና ነጥቶ ይታያል። በ1996 እ.ኤ.አ. በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የዚህን ምስል መልኮች በፊደል እየለዩ የሚመደቡበትን ሥርዓት አዘጋጅተዋል። ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ቀንድ አውጣው በደንብ ስለማይራባ በሽታው እምብዛም አይተላለፍም፤ በመሆኑም የበሽተኛው ትውልድ መንደር ራሱ የምርመራ ክፍል ነው። (በነገራችን ላይ፣ ለዚህ በሽታ መከላከያ የታሰበው የዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው፣ ዐድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በመታየታቸው ነበር። መሣሪያ ሳይሆን ዓይን ነበር የቀደመው።)

ሁለተኛው ካላዛር ነው። ከደጋው በየዓመቱ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው ወጣት፣ በአሸዋ ዝንብ ተነድፎ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ያበጠ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከቆላ ውጭ በሊቦ ከምከም ወረዳ በወረርሽኝ መልክ ተገኝቷል፤ መጀመሪያም ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር የያዘው ሰው ጣፊያው ትልቅ ስለሆነ ወደ በር ሥሩ ብዙ ደም ይልካል፤ ሥሩ ይሰፋል። ዲያሜትሩንና ጣፊያውን ብቻ ያየ ሰው ሲሮሲስ ብሎ ቢጽፍ አያስገርምም። ፍጥነቱ ግን አይወርድም፤ ስለዚህ የመጨናነቅ መለኪያው እዚህ ላይ ዋጋውን ያሳያል። ካላዛር መድኃኒት ያለው በሽታ ነው፤ ሲሮሲስ ተብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ የካላዛር በሽተኛ ግን ሳይታከም ይሞታል።

በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ በፀዓዳ እምባ የታየው የጉበት በሽታም ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የብዙ ቤተሰብ አባሎችን ሆድ ውኃ እያስቋጠረ የገደለው ይህ ሕመም፣ ከእህል ጋር ከሚቀላቀል አረም መርዝ ጋር ተያይዟል። እንዲህ ያለው መርዝ የሚዘጋው የመውጫዎቹን ጥቃቅን ሥሮች ነው። እንግዲህ መግቢያው፣ ወንፊቱና መውጫው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በሽታ አላቸው፤ ከበሩ ላይ ቆሞ ለሚለካ ሰው ግን ሁሉም መዘግየት ሆኖ ይታያል። ከዚህ በተጨማሪ የሳንባ ነቀርሳ የልብን ሽፋን አጨማዶ ደሙን ወደ ኋላ ሲያቆመው ጉበት ያብጣል፤ በዚህ ጊዜ የበር ሥሩ ፍሰት እንደ ልብ ምት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን ያየ ባለሙያ መዳሰሻውን ወደ ደረት ማንሣት አለበት።

ይህ ሁሉ ዶፕለርን ለማራከስ አይደለም። አጠራጣሪ ያልሆኑ ሁለት ምልክቶች አሉት። የበር ሥሩ ደም አቅጣጫውን ለውጦ ከጉበት ወደ ኋላ ሲፈስ፣ ወይም ከልደት በኋላ ተዘግቶ የኖረው የእምብርት ሥር መንገድ ተከፍቶ ደም ሲያስተላልፍ ከታየ፣ ግፊቱ ከፍ ማለቱ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። ለዚህ የማዕዘን ሒሳብ አያስፈልግም፤ አቅጣጫ ብቻ ይበቃል። እዚህም ግን አንድ ወጥመድ አለ። የእምብርቱ ሥር በሰፊው ሲከፈት ግድቡ ማፍሰሻ አገኘ ማለት ነውና፣ በዋናው በር ሥር ያለው ፍጥነት ወደ ጤናማው ልክ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። አምና 10 የነበረው ዘንድሮ 18 ሆኖ ሲገኝ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ በሽታው ግን ወደ ፊት ሄዷል። በጉበት ደም መልሶችም ዘንድ ከልብ ምት ጋር ሦስት ጊዜ የሚወዛወዘው የሞገድ መልክ፣ ጉበቱ ሲጠጥር እየተንጣለለ ሄዶ ቀጥ ያለ መስመር ሊሆን ይችላል። ይህም መልክ ስለሆነ በማዕዘን ስሕተት ብዙ አይጎዳም።

ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጉበትን መጠጠር በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ለገበያ ቀርቧል፤ ጉበቱን በስሱ መትቶ የንዝረቱን ፍጥነት ይለካል። በ2015 የወጣው የባቬኖ ስምምነት፣ መጠጠሩ ከ20 ኪሎፓስካል በታች፣ የደም ማርጊያ ሕዋሱም በአንድ ማይክሮሊትር ከ150,000 በላይ የሆነ የሲሮሲስ በሽተኛ የጉሮሮ ምርመራ ሊዘልል እንደሚችል አመልክቷል። የወለቃ ሸክላ ገዢ ይህን መሣሪያ ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም። ጀበናውን አንሥቶ በጣቱ አጥንት ኳ ያደርጋል፤ ጥርት ብሎ የጮኸውን ይገዛል፣ የደነቆረውን ይመልሳል። መሣሪያው በማይገኝበት ቦታ ሁሉ ግን ሥራው በዶፕለር መቀጠሉ አይቀርም፤ ስለዚህም እርሱኑ በታማኝነት ማሠራት ያስፈልጋል።

ለማኅበሩ አባሎች የሚቀረው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ብዙው መሣሪያ በግዥም ይሁን በርዳታ ሲመጣ በትክክል መለካቱ ተረጋግጦ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን የመብራቱ መዋዠቅ፣ የመዳሰሻው መውደቅና የገመዱ መጣመም ሲፈራረቁበት፣ ምስሉ ጠፍቶ እስኪጠቁር ድረስ የሚያየው የለም። ምስሉ ሳይጠፋ ፍጥነቱ ሊዛባ እንደሚችል የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። መፈተኛው ውድ አይደለም። አንድ የውኃ ገንዳ፣ አንድ ትንሽ ሞተር፣ ሁለት መዘውርና ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገኝ የሐር ክር ይበቃሉ። 4 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ያለው መዘውር በሴኮንድ አንድ ጊዜ ቢዞር ክሩ በሴኮንድ 12.6 ሳንቲሜትር ይጓዛል፤ ይህም የታመመ የበር ሥር ፍጥነት ነው። ውኃው አረፋ እንዳይኖረው አስቀድሞ ፈልቶ መቀዝቀዝ አለበት። መሣሪያው ክሩን በ30፣ በ45 እና በ60 ዲግሪ ሲያየው ያንኑ ቁጥር ማንበብ ይገባዋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በሴኮንድ 1,482 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 1,540 ብሎ የሚያሰላው መሣሪያ በመቶ 4 ያህል ከፍ አድርጎ ማንበቡ ስሕተት አይደለም፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ነው። ከዚያም ማጣሪያው በየደረጃው እየተሰካ፣ መዘውሩም እየዘገየ ሄዶ፣ ክሩ ከመስታወቱ ላይ የሚጠፋበት ፍጥነት ተመዝግቦ በመሣሪያው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ያን ጊዜ «ደሙ አይታይም» እና «ደም የለም» የሚሉት ሁለት ቃላት ይለያያሉ።

የምርመራ ውጤት ወረቀቱም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የተወለደበትን ሁኔታ መያዝ አለበት። በስንት ዲግሪ ማዕዘን እንደ ተለካ፣ ማጣሪያው የት ላይ እንደ ነበረ፣ ፍጥነቱ ከፍተኛው ወይስ አማካዩ እንደ ሆነ፣ በሽተኛው መጨረሻ የበላበት ሰዓትና ስንት ደቂቃ ተጋድሞ እንደ ቆየ። በሽተኛው ከዓመት በኋላ ሲመለስ የሚለካው ሌላ ሰው፣ ምናልባትም በሌላ መሣሪያ ነው፤ ያለዚህ መግለጫ ሁለቱ ቁጥሮች አይነጻጸሩም። በወረቀቱ ግርጌም ከመንደሩ ስም ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ይተዋል፤ በሽተኛው ለሥራ ወርዶ የከረመበት አገር የሚጻፍበት፤ መተማ፣ ሁመራ ወይም የጣና ዳርቻ።